ጠማማው ኩሬ የደረቀ ዓመት

ናታሊና ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችው እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ነው። ማጋነኔ አይደለም። በእኛ የወንዝ ዳር ሰፈር በፖርቶ ሳራን ወንዶቹ ወይ ትልልቅ ዓሣ እናጠምዳለን፣ ወይ ለመዝናናት ዓሣ ሊያጠምዱ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችን በጀልባ እናመላልሳለን። ሴቶቹ ቱቪራ ይይዛሉ። ቱቪራ በቁሙ ለእንግዶቹ መንጠቆ ይሸጣል፤ የፓራጓይ ወንዝ ትልልቅ ዓሦች መንጠቆ ላይ የሚወራጭ ቱቪራ ካዩ ሌላ ነገር ዞር ብለው አያዩም።

ቱቪራ ቁመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ጎኑ ዝንጉርጉር፣ መጨረሻው እንደ ቢላዋ ጫፍ ሾሎ የሚያልቅ ዓሣ ነው። ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። ከሆዱ ሥር ግን ከአገጩ እስከ ጭራው የተዘረጋ አንድ ረጅም ክንፍ አለው፤ እሱን እንደ መጋረጃ ጠርዝ እያርገበገበ ወደፊት እንደሚሄደው ሁሉ ፊቱን ሳያዞር ወደኋላም ይሄዳል።

«ልክ እንደ ሲልቬሪዮ» ትል ነበር ናታሊና። «እየመጣ ይሁን እየሄደ ሳይታወቀኝ፣ አንድ ቀን ዞር ብል የለም።»

ሲልቬሪዮ ባሏ ነበር። ከብት ነጂዎችን ተከትሎ እንደ ወጣ ቀረ። ያኔ ልጃቸው ሮዜኒር ገና ጡት አልጣለችም። ሮዜኒርን ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከናታሊና ጋር አበልጅ ነን፤ አንድም ቀን ላውሪንዶ ብላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

የቱቪራ ቤቱ እምቦጭ ነው። እምቦጩ ተያይዞ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ሥሩ እንደ ጢም ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቱቪራው ቀኑን እዚያ ሥር መካከል ተሸጉጦ ይውላል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይራባል። ውኃው ሲበላሽበት ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ተመልሶ ይሰምጣል። እሱን ለመያዝ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ናታሊና በአንድ ወገን፣ ታናሽ እህቷ ዜናይዴ በሌላው ወገን ሆነው፣ በር የሚያህለውን ባለ ብረት ክፈፍ ወንፊት ከእምቦጩ ሥር ያስገባሉ፤ ከዚያ እኩል ያነሣሉ። አንዷ በዓይን ጥቅሻ ያህል ከቀደመች ወይ ከዘገየች ዓሣው በተዘነበለው በኩል ሾልኮ ያመልጣል። እነሱ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ስላነሡ «አንድ፣ ሁለት» እንኳ አይባባሉም። አፋቸው ለሌላ ነገር ነበር የሚውለው።

«ዛሬ ክንድሽ ሞቷል እንዴ?» ትላለች ናታሊና።

«ክንዴ ምንም አልሆነ። ያንቺ ጆሮ ነው የዘገየው።»

«በጆሮዬ ነው እንዴ የማነሣው?»

«ምን አውቄልሽ! ትናንትና በመቀመጫሽ አይደል የያዝሽው? ጭቃው ላይ ዘጭ ስትይ አዞው እንኳ አፍሮ ፊቱን አዞረ።»

እኔ ጀልባዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በቀንድ ዋንጫ ቴሬሬዬን፣ ያንን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ፣ እየመጠጥኩ እስቃለሁ። እነሱ ግን ውኃ ውስጥ ሆነው አይስቁም፤ ዓይናቸው ከውኃው ላይ አይነቀልም። ሥራው ቀልድ አልነበረም። ድሮ በቀጭን ሱሪና በቲሸርት ነበር የሚገቡት፤ ፒራንያ የሚሉት ጥርሳም ዓሣ የናታሊናን ቀኝ ባት ቦጭቆታል፤ ዜናይዴን ዘንዶ ወገቧን ጠምጥሟት ዕድሜ ሰጥቷት አምልጣለች። የጎማ ሱሪ የለበሱት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያ ሁሉ ዓመት ውኃ ውስጥ መቆሙ በሴትነታቸው ላይ ያመጣውን በሽታ ለኔ አይነግሩኝም፤ ሚስቴ ግን በሕይወት ሳለች ነግራኛለች።

ከያዙበት ቦታ ሁሉ የሚበልጠው ጠማማው ኩሬ ነበር። ከሰፈራችን የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ሰፊ ውኃ፣ ዳር እስከ ዳር እምቦጭ የለበሰ። በጠባብ አፍ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ወንዙ ሲሞላ ይገባበታል፣ ሲጎድል ይወጣበታል። ናታሊና የኩሬውን የውስጠኛውን ክርን ወንፊት አስነክታው አታውቅም። «የዘር ጎተራ ነው» ትላለች። ሌሎቹም ሴቶች እሷን ፈርተው አይነኩትም።

በዚያ ዓመት ጎርፉ ሳይመጣ ቀረ። ጥቂት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ወንዙ ግን ከዳርቻው ሳይወጣ መልሶ መጉደል ጀመረ። በሰኔ የኩሬው አፍ በጭቃ ተዘጋ። በነሐሴ ኩሬው ሩብ ያህል እንኳ አልቀረም፤ ውኃው እጅ ሲከቱበት ያቃጥላል። ሌሎቹ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ቱቪራዎቹ ግን አየር ስለሚጎርሱ ኖሩ። ከየአቅጣጫው ሸሽተው እዚያ የውስጠኛው ክርን ውስጥ ታጨቁ። ዳር ቆሞ ጆሮ ለሰጠ፣ ብቅ እያሉ አየር ሲጎርሱ እንደ ገንፎ ፍላት ጧ ጧ ይላል።

ናታሊና ያንን ሰምታ የተመለሰች ቀን ቤት ለቤት ዞረች።

«ዶማ ያለሽ ዶማ፣ አካፋ ያለሽ አካፋ ያዢ። አፉን ቆፍረን እንከፍታለን።»

«ወንዙ እኮ ሸሽቷል፣ እትዬ ናታሊና» አለቻት አንዷ።

«ታዲያ ተከትለነው እንሄዳለና!»

አሥራ አራት ሴቶችና አምስት ወንዶች ሆነን ስድስት ቀን ቆፈርን። ጭቃው ላዩ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ውስጡ እንደ ሙጫ ይይዛል። ናታሊና ማታ ወንዙ ጠርዝ ላይ እንጨት ትተክላለች፤ ጠዋት ስንመጣ ወንዙ ከእንጨቱ ሁለት እርምጃ ርቆ እናገኘዋለን። እንጨቱን ነቅላ እንደገና ትተክላለች። በስድስተኛው ቀን ቦዩ ወንዙ ጋ ሊደርስ የክንድ ያህል አፈር ብቻ ሲቀረው፣ ዜናይዴ ቦዩ ውስጥ ቆማ አንድ ጊዜ ወደ ኩሬው፣ አንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ተመለከተች።

«ናታሊና፣ ነይ እስቲ እዚህ ቁሚ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ነይ ቁሚና እይው። ወንዙ እኮ ከኩሬው በታች ሆኗል።»

ሁላችንም መቆፈራችንን አቆምን። እውነቷን ነበር። ስንቆፍር በሰነበትንባቸው ቀናት ወንዙ ወርዶ ከኩሬው ወለል ዝቅ ብሏል። ያቺን የቀረች አፈር ብናነሣት ኖሮ ወንዙ ወደ ኩሬው አይገባም፤ ኩሬው ነው ወደ ወንዙ ፈስሶ የሚያልቀው። ናታሊና ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዶማዋን አስቀምጣ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ድፈኑት» አለች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ድፈኑት አልኳችሁ እኮ! ደግሞ በደንብ ርገጡት።»

የስድስት ቀን ሥራ በግማሽ ቀን መልሰን ደፈንን።

በሳምንቱ ቱቪራ ገዢው በትልቅ ጀልባው መጣ። ሌሎች ኩሬዎች ሁሉ ስለ ደረቁ ቱቪራ እንደ ወርቅ ተፈላጊ ሆኗል። እየተፍለቀለቀ ነበር የመጣው።

«እትዬ ናታሊና፣ ሁሉንም ልውሰድልሽ። በእጅ እኮ ነው የሚታፈሱት።»

«የማይሸጥ ነው።»

«ሊሞቱ አይደል እንዴ? የሞተ ቱቪራ ማን ይገዛሻል?»

«ዝናብ እስኪመጣ አንድ ወር ከምናምን ነው። የቆየው ይቆይልኛል።»

ገዢው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ዜናይዴ ግን ተቆጣች። በእህትማማቾቹ መካከል እውነተኛ ጠብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን እንድንበላ ነው? አረሙን?»

«ዘሩን በልተሽ ከርሞ ምን ልትይዢ ነው?»

«ከርሞ! ከርሞ እግዜር ያውቃል! አንቺ ኩሬውን የወለድሽው ነው የሚመስልሽ።»

ናታሊና በማግስቱ ከወንዙ ዳር እምቦጭ እያጨደች በጆንያ ተሸክማ የኩሬውን ክርን ማልበስ ጀመረች፤ ውኃው ጥላ እንዲያገኝ። ዜናይዴ አንድ ቀን አኩርፋ ቤት ዋለች። በሁለተኛው ቀን የራሷን ጆንያ ይዛ መጣች። «ይቅርታ ልጠይቅሽ የመጣሁ እንዳይመስልሽ» አለቻት፤ «ቤት ሙቀት ገድሎኝ ነው።»

እሳቱ የመጣው በመስከረም መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ጭሱን ብቻ ነበር የምናየው። ከዚያ ነፋስ ዞረ። ብልጭታው ወንዙን እንደ ወፍ እየዘለለ ተሻገረ። ሰፈራችንን በባልዲ ውኃና በእርጥብ ብርድ ልብስ ሁለት ቀን ተከላክለን አተረፍነው፤ በዙሪያችን ያለው የሣር ሜዳ ግን ባንድ ከሰዓት ነድዶ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነበልባል አይታይም ነበር። ጭስ ብቻ። ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀልታ ጭሱ ውስጥ ተንጠልጥላለች።

ከሰፈራችን በስተሰሜን ያለው ጠማማው ኩሬ ጋ እሳቱ ገና ስላልደረሰ፣ ናታሊና ቱቪራዎቹን አውጥታ በሣጥን ወደ አሮጌው ጀልባ መቆሚያ ልታጓጉዝ ቆረጠች። እዚያ ወንዙ ጥልቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ትንሽ እምቦጭም ቀርቷል። እኔም ላግዛቸው ሄድኩ። የፕላስቲክ ሣጥን ሞልተን አንዱን እኔ፣ አንዱን ናታሊና፣ አንዱን ዜናይዴ ተሸከምን። በወንዙ ዳር ዞሮ የሚሄደው መንገድ ሩቅ ነው። ሣጥኑም ከባድ ነው።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ዛሬም ድረስ በራሴ ድምፅ ይሰማኛል።

«በሜዳው እናቋርጥ እንጂ፤ ከትናንት በስቲያ ነድዶ አልቋል። ምን የሚነድ ነገር አለውና?»

እዚህ የተወለደ ሰው ይህን ማለት አልነበረበትም። የሜዳችን አፈር የሣር ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ጎርፍ ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጠው የኖረ። ሲደርቅ እሳቱ ላዩን በልቶ ወደ ታች ይገባል፤ ሳምንታት ከመሬት ሥር እየተሳበ ይነድዳል፤ ላዩ አመድ ለብሶ ጠንካራ መሬት ይመስላል። ይህን አባቴ ነግሮኛል። እኔም ለእንግዶች ስነግራቸው ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ደክሞኝ ነበር፤ ትከሻዬን አሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዜናይዴ ፈጣን ስለ ነበረች ፊት ፊት ትሄድ ነበር። ወደኋላ ዞራ «እናንተ ሽማግሌዎች፣ ዓሣው ሳያረጅ እንድረስ እንጂ» አለችን። ሁለት እርምጃ ተራመደች። ሦስተኛው ላይ መሬቱ ተከፈተ።

ጩኸቷን አልገልጸውም። ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበቷ ገቡ፤ ከሥሩ ፍሙ ቀይ ሆኖ ታየ። ናታሊና ሣጥኗን ወርውራ በሆዷ ተኝታ በብብቷ ያዘቻት፤ እኔ የናታሊናን ወገብ ይዤ ወደኋላ ጎተትኩ። ስናወጣት የቀኝ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ቱቪራዎቹ አመዱ ላይ ተበትነው ወደፊትም ወደኋላም ሲወራጩ ነበር፤ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያቸውም።

ስልክ አይሠራም ነበር። አውሮፕላኑም ሄሊኮፕተሩም በጭሱ ምክንያት እንደማይነሣ በሬዲዮ ሰምተናል። ስለዚህ ጀልባዬ ላይ ፍራሽ ዘርግተን፣ እግሯን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለን፣ ወደ ኮሩምባ ከተማ ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። በደህናው ጊዜ አራት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በዚያን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሥተን የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

ወንዙ ወንዝ አልነበረም። በየመታጠፊያው አሸዋ ወጥቷል። በልጅነቴ የማውቀውን የጀልባ መንገድ ትቼ ሌላ እፈልጋለሁ፤ እሱም ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ጭሱ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ የጀልባውን አፍንጫ እንኳ በግድ ነበር የማየው። አሸዋ ላይ ስንቀመጥ ሞተሩን አነሣለሁ፤ ናታሊናና እኔ ወርደን እንገፋለን። የናታሊናም እጆች ተቃጥለው ውኃ ቋጥረው ነበር፤ በክንዷ ነበር የምትገፋው።

ዜናይዴ በመጀመሪያ ትቀልድ ነበር። «ዓሣ ሲጠበስ እንዴት እንደሚሰማው አሁን ገባኝ» አለች። ናታሊና «ዝም በይ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ» አለቻት። «እሺ፤ አንቺ ደግሞ ጥሪልኝ ስሟን፣ የእመቤታችንን።» ናታሊና ጸሎት አቀረበች። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ዜናይዴ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በዚያ ሁሉ ሙቀት «በረደኝ» ትላለች። ያለንን ሁሉ ደረብንላት። በየመሃሉ «ስንት ቀረን?» ትለኛለች፤ እኔም «ትንሽ ነው» እላታለሁ። ከዚያ መጠየቋን ተወች። መጠየቋን ስትተው ነው የፈራሁት።

አራተኛው አሸዋ ላይ ጀልባዋ አልነቃነቅ አለች። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ፤ ሌላ ጀልባ የለም፣ ሰው የለም፣ ወፍ እንኳ የለም። ጭሱ ውስጥ የሚሰማው የዜናይዴ ትንፋሽ ብቻ ነው። በጉልበቴ ውኃው ላይ ተንበረከክሁ።

«አበልጄ» አልኳት፤ «እኔ ነኝ። በሜዳው እናቋርጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ናታሊና ጀልባዋን በትከሻዋ ደግፋ ቆማ ነበር። ፊቷ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ዕንባዋ በጥላሸቱ ላይ መንገድ ሠርቷል። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ዝም ብለህ ግፋ» አለችኝ።

ገፋሁ። እንዴት እንደ ተንቀሳቀሰች አላውቅም።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በአሥረኛው ቀን የዜናይዴን ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ቆረጡት፤ ግራው ቆስሎ ዳነ፣ ግን አይታጠፍም። ሮዜኒር እዚያው ከተማ ባሏ ጋ ስለምትኖር ቤቷ ወሰደቻት። ናታሊና ሦስት ሳምንት አብራት ሰነበተች። ከዚያ «ቤቴን ልየው» ብላ ከእኔ ጋር ተመለሰች።

ቤቷ ቆሟል። መጀመሪያ የሄደችው ግን ወደ ጠማማው ኩሬ ነው። ተከትያት ሄድኩ። ያ ለጥላ ያለበሰችው እምቦጭ ደርቆ ኖሮ እሳቱ ሲመጣ እሱ ነው ቀድሞ የተቀጣጠለው። ክርኑ ውስጥ ውኃ የለም። የተሰነጠቀ ግራጫ ጭቃ ነው፤ በስንጥቁ መካከል ቱቪራዎቹ እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተደራርበው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው።

«ገዢው ቢወስዳቸው ኖሮስ?» አለች።

ቢወስዳቸው ኖሮ እንኳ መንጠቆ ላይ ነበር የሚያልቁት። ባይወስዳቸውም ይኸው።

ዝናቡ የመጣው በኅዳር ነው፤ አመዱን ሁሉ አጥቦ ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ የተረፈውም ዓሣ በጥቁር ውኃ ታፍኖ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ኩሬው ግማሹን ሞላ። እምቦጩም ተመልሶ መጣ፤ እምቦጭን ምን ይገድለዋል? ናታሊና እኔን በዜናይዴ ቦታ አቁማ ወንፊቱን ለማንሣት ሞከረች። እኔ ወይ እቀድማለሁ ወይ እዘገያለሁ። ሙሉ ቀን ውለን ሦስት ቱቪራ አገኘን። ናታሊና ቆጣ አላለችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር። ሦስቱን መልሳ ለቀቀቻቸውና «በቃ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

አሁን ሸርጣን ትለቅማለች። ሸርጣንም ለመንጠቆ ይሆናል፤ በዳርቻው ጭቃ ላይ እያጎነበሱ በእጅ ነው የሚያዘው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል። ዜናይዴ በሮዜኒር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የካሳቫ ቂጣ ትሸጣለች፤ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፣ ገዢዎቿን ታስቃለች። አንዴ ወደ ሰፈራችን እንውሰድሽ ብለናት ነበር። «ውኃውን ካየሁት እገባለሁ» አለችን፤ ከዚያ በኋላ አንስተንባት አናውቅም።

ዘንድሮም ወንዙ ገና በግንቦት ዝቅ ብሏል። ናታሊና ትናንት ጠዋት የሸርጣን ባልዲዋን እንደ ያዘች መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«አበልጄ፣ ነዳጅ አለህ?» አለችኝ።

«ሁለት ጄሪካን አለኝ። ምነው፣ የምትሄጂበት አለ እንዴ?»

«የለም» አለች፤ ወደ ሜዳው እያየች። «መኖሩን ልወቅ ብዬ ነው።»

ሦስተኛ ጄሪካን ዛሬ አስሞላሁ።